ሩብ ሰዓት ለሹፌሩ

ሹፌሮችና ረዳቶች፣ የመኪና ባለንብረቶች፣ የትራፊክ ፖሊስ አባላት፣ እንዲሁም ነገ ማለዳ መናኸሪያ ተሰልፋችሁ ተሳፋሪ የምትሆኑ ወገኖቼ ሁሉ፣

ስለ መንገድ ደኅንነት ንገረን ብላችሁ ስትጋብዙኝ ኮሚቴው ርእሱን ለእኔ ተወው። ፍጥነት አለ፣ ትርፍ መጫን አለ፣ የላላ ፍሬን አለ። ስለ እነዚህ በየዓመቱ ትሰማላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ከእኔ የበለጠ ታስተምራላችሁ። እኔ የመረጥሁት በአደጋ መዝገብ ላይ እምብዛም የማይጻፈውን እንቅልፍን ነው። ከእንቅልፍም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ የሚተኙትን ሳይሆን መኪና አቁመው የሚያሸልቧትን ሩብ ሰዓት።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ እንቅልፍ መቼና የት እንደሚይዘን፣ ቀጥሎ ሩብ ሰዓት ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚተኛ፣ በመጨረሻም ያቺን ሩብ ሰዓት ለሹፌሩ የሚከለክለው ማን እንደሆነ። ሦስተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ጸቡ ያለው እዚያ ነውና።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ልግባ። ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው። ይህ ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ ዓይናችንን ወደ ታች ይጎትታል። አንደኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስኪነጋ፣ ሁለተኛው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም 8 ሰዓት ላይ ስለሚጀምሩ ለማስታወስ ይመቻል፤ የሌሊቱ 8 እና የቀኑ 8 በሉት። የቀኑን ብዙ ሰው በምሳ ያሳብባል። ከባድ ምሳ ያብሰዋል እንጂ እሱ አያመጣውም፤ ሳይበላ የዋለውም ያንኑ ሰዓት ያንጎላጃል።

አሁን ይህን ሰዓት በመንገዳችን ላይ አስቀምጡት። ከባሕር ዳር ምሳውን በልቶ 7 ሰዓት ላይ የተነሣ ሹፌር 8 ሰዓት ሲል ወረታ አካባቢ ነው። ያ አገር የፎገራ ሜዳ ነው፤ ግራ ቀኙ የሩዝ ማሳ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ፀሐዩ በመስታወት ገብቶ ጭን ላይ የሚቀመጥ። ጥምዝ የለ፣ ገደል የለ፣ የሚያባንን ነገር የለ። ተሳፋሪው ተኝቷል፣ ረዳቱም በሩ ላይ ተደግፎ ተኝቷል። ሰው ሁሉ ሊማሊሞን ይፈራል። እኔ ፎገራን እፈራለሁ።

ሊማሊሞማ ሹፌሩን ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ጣሊያን አገራችንን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ጎንደርን ከአስመራ ለማገናኘት ገደሉን ቆርጦ ያወጣው ያ ጥምዝ ለእንቅልፍ ፋታ አይሰጥም፤ እጅ መሪ ላይ፣ እግር ፍሬን ላይ፣ ዓይን ቁልቁል። እንቅልፉ ግን አልጠፋም፣ ዕዳው እየተጠራቀመ ነው። ከደባርቅ ብርድ ተነሥቶ ጥምዙን የጨረሰ ሹፌር ዛሪማ ሲደርስ «እፎይ፣ ተገላገልሁ» ብሎ ትከሻውን ያላላል። የሚጣለው ያኔ ነው፣ ሙቀቱም ይጨመርበታል። የመተማ መስመርም እንዲሁ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፣ መተማ ዮሐንስ ደግሞ 700 ሜትር ገደማ። አይከልን አልፎ ወደ ገንዳ ውኃ የሚወርድ ሰው ጋቢውን አውልቆ ሸሚዙን ይፈታል። ሙቀት እንቅልፍን አይፈጥርም፣ የተደበቀውን ግን ያወጣዋል። በሰሊጥ ጊዜ ቀኑን ሲያስጭን ውሎ ማታ መሪ የሚይዘውን የአይሱዙ ሹፌር አስቡት።

ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን አውቶቡስም አንርሳ። መኪናው ንጋት ላይ እንዲነሣ ሹፌሩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሣል፤ ጎማ ይመታል፣ ዘይት ያያል፣ ዕቃ ያስጭናል። ከፊቱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፣ መሐል ላይ የአባይ በረሃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው እጁና ዓይኑ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን አሳይቷል። 24 ሰዓት ከሆነው ወደ 0.10 በመቶ ይደርሳል። በብዙ አገር ይህ ፈቃድ የሚያስነጥቅ መጠን ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተነሣው ሹፌራችን 17 ሰዓቱን የሚደፍነው ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው። አንድ ጠብታ ሳይቀምስ።

የጥምቀትን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ። ጥር 10 ለከተራ ከየአገሩ ወደ ጎንደር መኪና ይጎርፋል። ሰው ሌሊቱን በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በጸሎትና በዝማሬ ያድራል፤ ሹፌሩም ክርስቲያን ነውና አብሮ ያድራል። በማግስቱ ታቦቱን ሸኝቶ፣ ምሳ በልቶ፣ «እንሂድ በጊዜ» ይባላል። በጊዜ ያሉት ሰዓት ደግሞ የቀኑ 8 ነው! በረመዳን ለሱሑር የሚነሣው ሹፌርም ያው ነው፤ ሌሊቱ ይከፈልበትና ቀኑን በተቆረጠ እንቅልፍ ይነዳል።

እንቅልፉ ሲመጣ ምን ይመስላል? ከጎኑ ተቀምጣችሁ ካያችሁት ትለዩታላችሁ። መጀመሪያ ያዛጋል፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ያሻል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ይገላበጣል፣ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ ይደፋል፣ ካሴቱን ያስጮኻል። ፍጥነቱ ያለ ምክንያት ይወርድና ይወጣል። ዳባትን ማለፉን አያስታውስም፣ «ወቅን ደረስን እንዴ?» ይላል። ቀጥሎ የቀኝ ጎማ ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩን ሲያንኳኳ ይባንናል። ያ ድምፅ ዕድል ነው፣ ሁልጊዜ አይመጣም። ጭንቅላት ለሦስትና ለአራት ሰከንድ ጭልጥ ይላል፤ ዓይን እንኳ ላይከደን ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ4 ሰከንድ ከ66 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ሹፌር የለውም ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ፤ ሩብ ሰዓት ወደምትሠራው።

መጀመሪያ የማይሠራውን ልናገር። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮኽ የሁላችንም ዘዴ ነው። እንግሊዝ አገር በላፍብራ ዩኒቨርሲቲ ጂም ሆርንና ሉዊዝ ሬይነር የሚባሉ ተመራማሪዎች እንቅልፍ ያላቸውን ሰዎች በመኪና አምሳያ መንጃ ላይ አስቀምጠው ቀዝቃዛ አየርንና ሬዲዮን ፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ውጤት አጭር ነው፤ ጥቅሙ ጥቂት ነው፣ ቶሎም ያልፋል። ቢበዛ የሚያቆሙበት ቦታ እስኪገኝ ያደርሳል።

ጫትስ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማንንም አላሳቅቅም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር እውነትም ያነቃል። ግን የእንቅልፉን ዕዳ አይከፍልም፣ ቀጠሮውን ያስተላልፋል እንጂ። ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱና ዱካኩ ይመጣል፣ የተጠራቀመው እንቅልፍም አብሮ ይወርዳል። ማታ ጨብሲ ከተጨመረበትማ ሌሊቱም ይበላሻል፣ የነገው ጉዞም የሚጀመረው በጉድለት ነው። ሹፌሩ ራሱን ነቅቻለሁ ስለሚል አለመቆሙ ነው ትልቁ ጉዳት።

የሚሠራው መተኛት ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት፣ በረጅም በረራ ላይ ያሉ አብራሪዎች ጓደኞቻቸው እያበረሩ በየተራ 40 ደቂቃ እንዲያርፉ ተደረገ። በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል ተኙ። ካልተኙት ጋር ሲነጻጸሩ የሥራ ብቃታቸው 34 በመቶ፣ ንቃታቸው 54 በመቶ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ወንድሞቼ፣ ከኋላቸው በመቶ የሚቆጠር ሰው የጫኑ አብራሪዎች ናቸው እንቅልፍ የተፈቀደላቸው። ለአባዱላ ሹፌር ሲሆን ነውር የሚሆነው ለምንድን ነው?

የላፍብራዎቹ ተመራማሪዎች ደግሞ ለእኛ አገር የተመቸ ነገር አግኝተዋል። ቡና ጠጥቶ ወዲያው ከ15 ደቂቃ ያላለፈ እንቅልፍ መተኛት፣ ቡናው ወይም እንቅልፉ ለየብቻቸው ከሚሰጡት ይበልጣል። ምክንያቱ ይህ ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ነገር ጭንቅላታችን ውስጥ ይጠራቀማል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለን እሱ ነው። እንቅልፍ አዴኖሲኑን ይቀንሰዋል፣ ቡናው መቀመጫውን ይይዝበታል። ቡና ግን እንደተጠጣ አይሠራም፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በዚያች ፋታ መተኛት ነው ዘዴው።

እንግዲህ የእኛን ቡና አስቡት። አቦሏ ትጠጣለች። ጀበናዋ ውኃ ተጨምሮባት ለቶናው ተመልሳ እሳት ላይ ትጣዳለች። ቶናው እስኪፈላ የምታልፈው ጊዜ ያቺው ሩብ ሰዓት አይደለችም? አቦልን ጠጡ፣ «እቴ፣ ቶናው ሲደርስ ቀስቅሺኝ» በሏት፣ መኪናችሁ ውስጥ ገብታችሁ ጋደም በሉ። ስትነቁ አቦሉ ሥራውን ጀምሯል። ቶናውን ጠጡና ሂዱ። በረካውን ለተሳፋሪው ተዉለት።

አተኛኘቱም መላ አለው። ደልዳላ ቦታ ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ተዳፋት ከሆነ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ። ሞተር አስነሥቶ፣ መስኮት ዘግቶ የተኛን ሰው ጭሱ ይገድለዋል። በቆላው ደግሞ ጥላ ፍለጋ ከተሳቢ ሥር ገብቶ መተኛት የተለመደ ነው፤ በእግዜር ይሁንባችሁ፣ ይቅር። ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርጉ፣ ጋቢ ወይም ነጠላ ፊታችሁ ላይ ጣሉ፣ ስልካችሁን ለ20 ደቂቃ ሙሉት፤ አምስቷ እስኪወስዳችሁ ነው። እንቅልፍ ባይወስዳችሁም ዓይን ጨፍኖ መቆየቱ አይከፋም። ከ30 ደቂቃ አትለፉ። ከዚያ ያለፈ ሰው ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ይገባና ሲነቃ ደንዝዞ ይነሣል፣ ድንዛዜው ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እንደነቃችሁ መሪ አትያዙ። ውረዱ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ጎማውን እየዞራችሁ እዩ፣ ከዚያ ሂዱ።

ሦስተኛውና ዋናው ነጥብ፤ ይህን ሁሉ ሹፌሩ ቢያውቅም አይተኛም። ማን ከለከለው?

ከተሳፋሪው ልጀምር፤ እኔም ተሳፋሪ ነኝና። አንድ ጊዜ ከደባርቅ ወደ ጎንደር በአባዱላ ስመጣ ሹፌሩ አምባ ጊዮርጊስ ላይ አቆመና ዞር ብሎ «ወገኖቼ፣ ዓይኔ እምቢ ብሎኛል፣ ሩብ ሰዓት ስጡኝ» አለ። መኪናው ጉርምርም አለ። አንድ ወጣት ከኋላ «እኛ ከፍለን እኮ ነው የተሳፈርነው! የምትተኛ ከሆነ ለምን ጫንኸን?» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን ሊጠመዝዝ ሲል፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት እጁን ያዙት። «ተወው የኔ ልጅ» አሉ ወደ ወጣቱ ዞረው፣ «አንተ ተኝተህ መጣህ፣ እሱ እየነዳ ነው የመጣው።» ለሹፌሩም «ጋደም በል የኔ ጌታ፣ እኛ እንጠብቅሃለን» አሉት። «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብሎ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ወዲያው ወሰደው። ሩቡ ሰዓት ሲሞላ ሹፌሩ ነቃ፤ ያ ወጣት ግን አፉን ከፍቶ ያንኮራፋ ነበር።

እኒያ እናት ባይኖሩ ያ ሹፌር ይነዳ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። ሹፌሩ መተኛት አቅቶት ሳይሆን አፍሮ ነው የሚነዳው። እኛ ነን የምናሳፍረው። «ጎበዝ ሹፌር ነው፣ ሳይቆም ነው ያደረሰን» ብለን የምናወድሰው እኛው ነን። ሳያቆም ያደረሰንን እያመሰገንን፣ ያቆመውን ሰነፍ ስንል ቆይተናል። በሌሊት ዘብ ማደር ወንድነት በሆነበት አገር ላደግን ሰዎች እንቅልፍ ያዘኝ ማለት እጅ መስጠት ይመስለናል። እንቅልፍ ግን ጠላት አይደለም በጀግንነት የሚመለሰው።

ቀጥሎ ባለንብረቱ። አንዳንዶቻችሁ ጂፒኤስ አስገጥማችሁ መኪናው በቆመ በ5 ደቂቃ ስልክ ትደውላላችሁ። «ምን ሆንህ? ለምን ቆምህ?» ሹፌሩ በምልልስ ነው የሚከፈለው፤ ፈጥኖ የተመለሰ ቀድሞ ይጭናል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያም ይመዘግበዋል። እዚያ መሣሪያው የሚጠይቀው ለምን አልቆምህም ብሎ ነው። የእናንተም ጂፒኤስ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ ተጨማሪ ገንዘብ አያስወጣም።

«የት ቆመን እንተኛ?» የምትሉትን እሰማለሁ። እውነት አላችሁ። እገታና ዘረፋ በሚሰማበት ጊዜ ጭር ባለ መንገድ ዳር ቁሙ ብዬ አልመክርም፤ እንዲህ ብዬ ብመክርም ባትሰሙኝ ደስ ይለኛል። ግን በመስመሮቻችን ሁሉ ከተማ ከከተማ ብዙ አይራራቅም። በደባርቅ በኩል አምባ ጊዮርጊስና ዳባት አሉ፤ በመተማ አይከልና ገንዳ ውኃ፤ በባሕር ዳር አዲስ ዘመንና ወረታ። ነዳጅ ማደያ ግቢ፣ ቡና ቤት ደጃፍ፣ መናኸሪያ ውስጥ፣ ሰው ባለበት ቁሙ። ኬላ ላይ ተሰልፋችሁ የምትቆሙበትን ጊዜም በስልክ አታባክኑት፤ ረዳቱ ወረፋውን ይጠብቅ፣ እናንተ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ማቆሚያውን እንቅልፉ ሲመጣ ከመፈለግ ከመነሣታችሁ በፊት መወሰን ይሻላል፤ እንቅልፍ የያዘው ሰው «ትንሽ ልቀጥል» ማለቱ አይቀርምና።

ለትራፊክ ፖሊስ ወንድሞቼና እኅቶቼ አንድ ነገር። አልኮል በትንፋሽ ይለካል፣ እንቅልፍ አይለካም። የሞተ ሹፌር አይናገርም፣ የተረፈውም «እንስሳ ገባብኝ» ይላል። እናንተ ግን ቦታውን አይታችሁ ትለዩታላችሁ፤ መኪናው ብቻውን ከመንገድ ወጥቷል፣ አስፋልቱ ላይ የፍሬን ጭረት የለም። መዝገቡ ላይ ግን «ከቁጥጥር ውጪ በመሆን» ተብሎ ይዘጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእ.ኤ.አ. 2016 በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ የሞተውን ሰው ሲያሰላ፣ በመንግሥት ከተመዘገበው 4,352 ይልቅ 27,326 ገደማ ይሆናል ብሎ ገምቷል። የሟቹ ቁጥር ራሱ ይህን ያህል ከተራራቀ፣ የእንቅልፍ ድርሻማ የት ይገኛል? ከቻላችሁ ሹፌሩ መቼ እንደተነሣና ስንት ሰዓት እንደነዳ የምትጠይቅ አንዲት መስመር ጨምሩ።

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2001 ሴልቢ አጠገብ አንድ ሰው መኪናው ከመንገድ ወጥቶ የባቡር ሐዲድ ላይ ወደቀ፤ ባቡር መጣበት፣ 10 ሰው ሞተ። እሱ ተረፈ። አልተኛሁም ብሎ ተከራከረ። ፖሊስ መርምሮ ሌሊቱን በስልክ ሲያወራ እንዳደረ ደረሰበትና ፍርድ ቤቱ 5 ዓመት ፈረደበት። የጠየቁት ከመኪናው መውጣት በፊት ስለነበረው ሌሊት ነው።

ሳልጨርስ ድንበሩን ልናገር፤ ሩብ ሰዓት መድኃኒት ናት ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትስሙት። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው በሩብ ሰዓት አይመለስም፤ ለአንድ ሰዓት ወይም ለሁለት ሰዓት ያደርሰው ይሆናል እንጂ። ከከተራ ማግስት የሚነዳ ሰው ተተኪ ይፈልግ ወይም ቀን ይጨምር። ደባርቅ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ቆሞ ተኝቶ አሁንም የሚያንጎላጅ ሹፌር ሊማሊሞን አይውረድ፣ እዚያው ይደር። ደግሞ ሌሊት በደንብ ተኝቶ ቀን ቀን የሚያንቀላፋ፣ ሚስቱ «ስታንኮራፋ ትንፋሽህ ይቆማል» የምትለው ካለ፣ ያ የሐኪም ጉዳይ ነው። ጎንደር ሆስፒታል ቅርባችን ነው፣ ሂዱና ታዩ።

ኮሚቴውን አንድ ነገር ለምኜ ልቀመጥ። በመናኸሪያው ውስጥ ጥላ ያለውና ተራ አስከባሪ የማይጮኽበት፣ ሁለት ሦስት ሹፌር ጋደም የሚልበት ጥግ ይከለል። መውጫው ላይም ለተሳፋሪው «ሹፌሩ ሩብ ሰዓት ቢጠይቃችሁ ስጡት» የሚል ጽሑፍ ይሰቀል፤ ሹፌሩ ራሱ አፍሮ ከሚናገረው ግድግዳው ቢናገርለት ይቀለዋል።

አሁን ጥያቄና አስተያየት ካለ መድረኩ የእናንተ ነው። ከረዳቶች ብንጀምር ደስ ይለኛል፤ ሹፌሩ ሲያንጎላጅ መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁና፣ ያኔ ምን እንደምትሉት ንገሩን።